መምሬ እንየውና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር

ባለፈው የገበያ ቀን ወረታ ላይ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ቀና ስል ዝናሽ ናት። ዝናሽ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ሚስት ስትሆን፣ አራስ ሳለች እኔ በነርስነት የምሠራበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታ ከሞት አፋፍ የተመለሰች ሴት ናት። ያን ጊዜ ጨቅላ የነበረው ልጇ ዛሬ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ነጠላዋን ያኝካል። ደስ ብሎኝ ልስማት ስል ፊቷን አዞረች።

«ሲስተር፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «መምሬን ያለ ኑዛዜ ሸኛችኋቸው አሉ። የንስሐ አባታቸው ከጣራ ገዳም ድረስ መጥተው በር ላይ ቆመው እያሉ፣ እናንተ ቀድማችሁ መርፌ ወጋችሁና አስተኛችኋቸው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ ነዋ የሚለው!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔን እንኳ ያናዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ካህን ሆነው እንዴት እንደ ከብት ዝም ብለው ይሂዱ? ትንሽ ብትታገሱ ምን ነበረበት?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዝናሽ» ብያት የመረጥኩትን ሽንኩርት ትቼ ወጣሁ። ወሬውን ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ። የሆስፒታል ሥራ ያደክማል ይባላል፤ እኔን ግን ከሥራው ይልቅ ከሥራው በኋላ ከተማ ውስጥ የሚጠብቀኝ ወሬ ነው የሚያደክመኝ። ሌላ ሰው ቢለው ሰምቼ አልፋለሁ። ዝናሽ ስትለው ግን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ተቀመጥኩ። ከሰው ሁሉ እውነቱን ልነግራት የማልችለው እሷን ነውና። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ስሟ ዝናሽ አይደለም፤ የመምሬንም ስም ለውጬዋለሁ።

መምሬ እንየው በፎገራ ሜዳ ላይ ካሉት አጥቢያዎች የአንዱ ቄስ ነበሩ። ቄስ ይሁኑ እንጂ ኑሯቸው እንደማንኛውም የሜዳው ሰው ከሩዝና ከከብት ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ከማሳ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሎ፣ ጭቃው እግራቸው ላይ ደርቆ ነው። ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ እግራቸውን ይታጠባሉ፤ ሱሪያቸውን ያወርዳሉ፤ ነጠላቸውን ይከናነባሉ፤ በመጨረሻ መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ አግኝቻቸው መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል «ቆይ ልጀ፣ ገና ገበሬ ነኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው ኮሮና የገባ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የክፍላችን በር ዝግ ነበር። በሽተኛው ይገባል፤ እኛም ከራስ እስከ እግር በላስቲክ ተጠቅልለን እንገባለን፤ ከዚያ በቀር ማንም አይገባም። ቤተሰብ ከግቢው አጥር ውጭ ተቀምጦ ይውላል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ከበሽታው የባሰ ነበር። ታሞ ሳይጠየቅ የቀረን ሰው ሁሉም ያዝንለታል፤ ሳይጠይቅ የቀረ ዘመድ ደግሞ ለቅሶ ላይ እንኳ ቀና ብሎ ሰው አያይም። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ በር ዘጋነው።

ከአጥሩ ጥግ ከማይጠፉት አንዱ መምሬ ነበሩ። የንስሐ ልጃቸው የሆነ አንድ ገበሬ እኛ ዘንድ ተኝቷል። ብርቱ ሰው ነበር። ኮሮና ደግሞ ብርቱ ሰው ማታለል ይወድ ነበር። ሰውየው ሳምንት ያህል ቤቱ ሲያስለው ከርሞ መጣ፤ ኦክስጅን በደሙ ውስጥ እያለቀ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስለ በሬዎቹ ያወራልናል። ጣቱ ላይ የምንሰካትን መለኪያ እያየን እኛ እንደነግጣለን፤ እሱ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ፣ ከብት የሚያይልኝ የለም» ይለናል። ወሬው በየቀኑ እያጠረ ሄደ።

መምሬ ዘበኛውን ገፍተው ሊያልፉ ሞክረው አያውቁም። እኔ እስክወጣ ይጠብቁና በአጥሩ ክፍተት «ልጀ፣ አንዴ ብቻ ልግባ። ጆሮየን አስጠግቸ ልስማውና ልውጣ» ይሉኛል።

«አይቻልም መምሬ፣ ትእዛዝ ነው።»

«እሽ። ነገ እመጣለሁ።»

ቁጣ የላቸውም። ጃንጥላቸውን ዘርግተው እዚያው ይቀመጣሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቁኛል፤ ያንኑ እመልሳለሁ። በላስቲኩ ውስጥ በላብ ተዘፍቄ ውዬ ስወጣ፣ ከሁሉም በላይ የምፈራው የእሳቸውን «እሽ» ነበር።

ሰውየው ሞተ። የቀበሩትም እንደኛው በላስቲክ የተጠቀለሉ ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ ራቅ ብሎ ቆሞ አለቀሰ፤ መምሬም ፍትሐቱን ከሩቅ አደረሱ። ከሰነበተ በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋቸው።

«እኔ እሱን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አንድ የከበደው ነገር ነበረ። ‹ለፋሲካ እነግርዎታለሁ መምሬ› እያለ ሲገፋው፣ ይኸው ይዞት ሄደ። እኔም አልቸኩል ብየ ነው፤ ሰው ጊዜ ያለው ይመስለዋል።» ቀጥለው መስቀላቸውን ጨበጥ አድርገው «ካሁን ወዲያ ከልጆቸ አንድም ሳይናዘዝ አይሄድም» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን ቀልድ አልነበረበትም። መምሬ ደግሞ ቀልድ የሌለበት ነገር እምብዛም አይናገሩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአጥቢያቸው ሰው ተኛ በተባለ ቁጥር ይመጣሉ። «ዛሬስ ማን ማን አላችሁ?» ብለው እንደ ቤታቸው ይገባሉ። ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኛል፤ «እዚች ማሽን ላይ ጠብ ቢል ትባረካለች ወይስ ትበላሻለች?» ትበላሻለች ስላቸው «እንግዲያ እሷ በጸሎት ብቻ ትታገስ» ብለው የበሽተኛውን ግንባር በጣታቸው ይቀባሉ።

ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ ሽማግሌ ሳንባቸው ታሞ መጡና ኦክስጅን አደረግንላቸው። ልጃቸው ቧንቧውን ነቅሎ ወደ ጠበል ሊወስዳቸው ተነሣ። እኛ ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ ኦክስጅን የተደረገለት አይተርፍም ተብሎ ይታመናል። ዶክተሩ ለመነው፣ እኔ ለመንኩት፣ አልሰማም አለ። መምሬ ሌላ ሰው ሊጠይቁ መጥተው ኖሮ ጠጋ አሉ።

«ማነው ይገድላል ያለህ?»

«በዓይናችን እያየነው መምሬ! ያደረጉለት ሁሉ ሞተ'ኮ።»

«እንግዲያማ እኔም ነፍሰ ገዳይ ነኛ! መስቀል ይዠ በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ሰው ይሞታል። የምትጠሩኝ ሰውየው ሊሞት ሲል ነዋ! ይኸንም እንደኔው አዘግይታችሁ ስትጠሩት ምን ያድርግ?»

ኮሪደሩ ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳይወድ ሳቀና ቧንቧውን ለቀቀ። ሽማግሌው ሰንብተው ድነው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠብ በተነሣ ቁጥር እኔም የመምሬን ቀልድ እየሰረቅኩ እነግራለሁ፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ያን ያህል አያስቅም።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቅልቆታል፤ ሰው ሩዙን ለማረም ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ በየቤቱ ሳል አለ። ጉንፋን ነው ተብሎ የተናቀው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ዝናሽ ያን ሰሞን ነው የወለደችው። ትኩሳቱ ድንገት ሲያነድዳት «አራስ ናትና ብርድ መታት» ተባለ፤ በሩ መስኮቱ ተዘጋ፣ ልብስ ተደራረበባት፣ ቤቱም በጭስ ታጠነ። ሲብስባት በቃሬዛ ተሸክመው፣ ወገባቸው ድረስ ውኃ እየገቡ አስፋልቱ ላይ አወጧት። እኛ ዘንድ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

የክፍላችን ዶክተር ያን ጊዜ ሁለቱን በሽታዎች እያነጻጸረ ጥናት ይሠራ ነበር። የኮሮና ጊዜ በሽተኞችን መዝገብ እየፈለግኩ የማወጣለት እኔ ነበርኩ። ማነጻጸሩ ለእኔም አይከብደኝም፤ ሁለቱንም በእጄ ይዣቸዋለሁ። ኮሮና ቀስ ብሎ፣ ሰውየው እያወራ ነበር የሚያንቀው። ይህኛው ግን ጥድፊያ ነው፤ አጥንት የሚሰብር ትኩሳት፣ ከዚያ ዛሬ ከነገ ሳይባል ትንፋሽ ማጠር። ያኛው ሽማግሌና ስኳር ያለበትን ይመርጥ ነበር፤ ይህኛው ነፍሰ ጡርና አራስም አይምርም። መጨረሻቸው ላይ ግን ይገናኛሉ። ዶክተሩ የዝናሽን ራጅ ወደ መስኮቱ አንሥቶ «ከኮሮናዎቹ ጎን ብናስቀምጠው ትለይዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱም ሳንባዋ ነጭ ነበር። አልለየውም አልኩት።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት በሩ ነበር። በኮሮና ጊዜ የዘጋነው በር አሁን ክፍት ነው። ኢንፍሉዌንዛን ዓለም ለምዶታል፤ ዝጉ የሚል ትእዛዝም አልመጣም። እውነቱን ለመናገር እኛም በር መዝጋት ሰልችቶን ነበር።

መምሬ የዝናሽን መታመም ሰምተው ሲመጡ ደፉ ላይ ቆሙ። መግባት ፈሩ። ያን ያህል ቀን አጥር ሥር ያስቀመጥናቸው ሰው ናቸው።

«ልግባ?»

«ይግቡ መምሬ፣ ጭንብል ያድርጉና ይግቡ።»

«እንዲያው ማንም ይገባል?»

«ተራ በተራ ይገባል።»

«ተመስገን!» አሉና ፊታቸው በራ። «እንግዲያ ይኸ እንደዚያኛው አይደለም ማለት ነዋ።»

«ኧረ ከባድ ነው መምሬ። ዛሬ ካልተሻላት የመተንፈሻ ማሽን ላይ ልናደርጋት ነው።»

«ለሷ ከባድ ነው፣ አያለሁ። ለገቢ ለወጪው ማለቴ ነው።»

መለስ ብዬ ላስረዳቸው ስል ዝናሽ አየቻቸው። መናገር አቅቷት በእጇ ጠራቻቸው። ኑዛዜ ምስጢር ነውና መጋረጃውን ጋርጄላቸው ወጣሁ። «ጭንብሉን እንዳያወልቁት» አልኳቸው ስወጣ። «እሽ» አሉ።

ብዙ ቆዩ። ከመጋረጃው ሲወጡ ጭንብሉ እጃቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ከትከሻቸው ሸክም የወረደ ሰው ይመስሉ ነበር።

«ሰማኋት» አሉኝ። «ይች እንኳ አልሄደችብኝም።»

«ጭንብሉስ መምሬ?»

«መደማመጥ አልቻልንም'ኮ ልጀ! ይኸ ኦክስጅናችሁ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ እሷ ድምፅ የላት። የኔን ጨርቅ አወለቅሁት። የሷንም ገለጥ እያደረግሁ፣ ስታስላት መለስ እያደረግሁ፣ ጆሮየን አፏ ላይ ጥየ ሰማኋት።»

«ይሄ'ኮ ይተላለፋል!»

«ቢተላለፍማ በሩን ትዘጉት ነበራ» አሉኝ፤ አዝኖ እንደሚያባብል ሰው ፈገግ ብለው።

ቧንቧው ጋ ወስጄ እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸው። ሌላ የማደርገው አልነበረም። የእኛን በር አይተው ነው የተሳሳቱት፤ ከሜዳው ሰው መካከል እንደዚያ ያላሰበ አልነበረም። ያን ቀን ዝናሽ ያለ ማሽን ዋለች፤ በማግስቱም ትንሽ ተሻላት። ሰንብታ ወደ ተራው ክፍል ወጣች፣ ከዚያም ወደ ልጇ ገባች።

መምሬ ግን «ዛሬስ ማን ማን አላችሁ?» ማለት ተዉ። ጠፉ። ሩዝ ማረም ላይ ናቸው ብዬ አልፈለግኳቸውም። እውነትም ማረም ላይ ነበሩ፤ ትኩሳት ይዟቸው ሳለ ለማንም ሳይናገሩ ውኃ ውስጥ ቆመው ያርማሉ። ልጃቸው በባጃጅ ይዟቸው ሲመጣ እግራቸውን የሚታጠቡበት አቅም አልነበራቸውም። ጭቃውን እኔ አልጋቸው ላይ አጠብኩላቸው።

ናሙናቸው ተልኮ ውጤቱ መጣ። ያው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ራጃቸውን ዶክተሩ ወደ መስኮቱ አላነሣውም፤ ጠረጴዛው ላይ አየት አድርጎ አስቀመጠው። መድኃኒቱ ቶሎ ካልተጀመረ ብዙም አይረዳም፤ እሳቸው ደግሞ ዘግይተዋል። ሰውን ሁሉ የሚወቅሱበትን ነገር ራሳቸው አደረጉት።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የኦክስጅኑን ጭንብል እያስተካከልኩላቸው እጄን ያዙኝ።

«የዝናሽ ናት?»

«ከየትም ሊሆን ይችላል መምሬ። አገሩ ሁሉ ያስለዋል።»

«የሷ ናት» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እንዳትሰማ። አራስ ናት። ከሰማች ወተቷ ይደርቃል፤ ልጁን ትገድይብኛለሽ። ማይልኝ።»

መስቀላቸውን አስጨብጠው አስማሉኝ። ገበያ ላይ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ልጁ ጡት ከጣለ ቆይቷል፤ እሷ ግን ያው ዝናሽ ናት። ከሰማች ጤነኛ ሆና አትኖርም።

እየባሰባቸው ሄደ። ዶክተሩ አልጋቸው ጎን ተቀምጦ እንደማይሸነግሉት ሰው በግልጽ ነገራቸው። በማሽን እንዲተነፍሱ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መናገር የለም። በዚያ ዕድሜና በዚያ ሳንባ ደግሞ ተኝቶ የሚነቃው ጥቂት ነው። መምሬ አንገታቸውን ነቀነቁ። የቻልነውን ያህል እንደምንጠብቅ ነግሮኝ ዶክተሩ ወጣ።

ምን እንደምንጠብቅ እኔ ዐውቃለሁ። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ የመምሬን የንስሐ አባት ሊያመጣ ወደ ጣራ ገዳም ሄዷል። ካህንም የንስሐ አባት አለው። የመምሬ አባት በጣም ያረጁ፣ ሰው ካልደገፋቸው የማይራመዱ መነኩሴ ናቸው። ልጁ ደውሎ ወረታ ገብተናል አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ቀን አጥር ሥር የተቀመጡ ሰው፣ ይኸው በእሳቸው ጊዜ በሩ ክፍት ሆኖ ጠበቃቸው አልኩ በልቤ። ሮጬ ገብቼ «መምሬ፣ ደስ ይበልዎ! የንስሐ አባትዎ ደረሱ» አልኳቸው።

ጭንብላቸውን ነጥቀው አነሡት። «ማን ጥሩ አላችሁ?»

«ልጅዎ ነዋ። አሁን ይገባሉ።»

«አይገቡም!»

ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳል ያዛቸው፤ ጭንብሉን መለስኩላቸው፤ እንደገና ሳሉ። «ልብስ እናለብሳቸዋለን መምሬ፣ ጭንብል እናደርግላቸዋለን፣ አይፍሩ» አልኳቸው።

«እኔስ አድርጌ አልነበር?» በየቃሉ መሃል ይተነፍሳሉ። «ጆሯቸው ከብዷል። ርቀው አይሰሙኝም። ወይ አፌ ላይ ይደፋሉ፣ ወይ እኔ ጮኼ ኃጢአቴን ለወረዳው አሰማለሁ። እሳቸው ይኸን ጉንፋን አንድ ቀን አይችሉትም። ዝጊው በሩን።»

«መምሬ፣ ሌላ ጊዜ'ኮ ላይኖር ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ብለዋል ብዬ ልንገራቸው?»

«እንዳትይ! ከነገርሻቸው ይገባሉ። በዚህ ዕድሜ ሞት ፈርቶ የሚመለስ መነኩሴ የት አይተሻል?» ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ተኝቷል በያቸው። ማሽን ላይ ሆኗል፣ አይናገርም በያቸው።»

በዚህ ሥራ ስንት በር ዘግቻለሁ፤ በሽተኛው ራሱ ዝጊ ብሎኝ ግን አያውቅም። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ድካሙ ለማልቀስም አላስቻለኝም። አቅማማሁ መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ገልጠው እጄን መታ መታ አደረጉት።

«ውሸቱ የኔ ነው። ከሌላው ጋር ይቆጠርብኝ። አንች አፍሽን ነው ያዋስሽኝ» አሉኝ።

ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ሽማግሌው መነኩሴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ ክንዳቸውን ይዟል። መንገዱ አድክሟቸው ያለከልካሉ። መስቀላቸውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ሊገቡ የተዘጋጁ ናቸው። ጎንበስ ብዬ «አባ፣ ተኝተዋል» አልኳቸው።

«እ?»

«ተኝተዋል! ማሽን ላይ ናቸው፣ ከእንግዲህ አይናገሩም!» በጭንብሌ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አስታማሚ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዛሬ አገሩ የሚያወራው ያን ጊዜ ከእኔ አፍ የሰሙትን ነው። ልጁ ግድግዳውን በቡጢ መትቶ «ደውየልሽ አልነበረም ወይ!» አለኝ። ሊገባ እጀታውን ሲይዝ ገፍቼ አስቆምኩት።

አባ የተዘጋውን በር ብዙ አዩት። «ትንሽ ቢቆየኝ ምን ነበረበት» አሉ፤ ለእኔም ለልጁም አልነበረም። መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ልጁ ደግፎ አነሣቸው፤ እግራቸውን እየጎተቱ በኮሪደሩ ወጡ። ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረው፣ ባለፈው ጾም በገዳማቸው በሰላም አርፈዋል። መቼም አልነገርኳቸውም።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። መምሬ ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው በሩን በሩን ያያሉ። ዶክተሩ መርፌዎቹን እያዘጋጀ ነው።

«ሄዱ?» አሉኝ።

«ሄዱ መምሬ።»

«አልገቡም?»

«አልገቡም።»

ትንፋሻቸውን አሳረፉ። ከዚያ ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ተንከራተተብኝ። «ምን አሉ?»

እጃቸውን ያዝኩ።

«‹እግዚአብሔር ይፍታው› አሉ» አልኳቸው።

አማተቡ። ፊታቸው ተፈታ። «በይ እንግዲህ፣ አስተኙኝ» ብለው ራሳቸውን ትራሱ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። የመጀመሪያውን ውሸት እሳቸው ተሸክመውልኛል። ይችኛዋን ግን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ናት።